28 ከ40 አመጣሁ፤ እጮኛዬ አኮረፈች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፍኖተ ሰላም የማስተምር የ29 ዓመት ወጣት ነኝ። እጮኛዬ በቴሌግራም የናርሲሲዝም (ራስን ከልክ በላይ የማግነን ጠባይ) መጠይቅ ላከችልኝና ሞላሁት። ከ40 28 አመጣሁ። «ለካ ራስህን ነው የምታመልክ» ብላ አኮረፈችኝ። ጥር ላይ ሚዜ ሆኜ መፎከሬንም አነሳችብኝ። እውነት በሽተኛ ነኝ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔም ሞልቼዋለሁ። 11 አመጣሁና ትንሽ ቅር አለኝ። (ቅር ማለቴ ራሱ ነጥብ ሳያስጨምር አይቀርም።)

መጠይቁን እ.ኤ.አ. በ1979 የጀመሩት ራስኪንና ሆል የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ባለ40ው የወጣው በ1988 ነው። ከጥንድ አረፍተ ነገር አንዱን ትመርጣለህ፤ ራስን ወደ ማግነን ባደላህ ቁጥር 1 ነጥብ። በቃ። የሚለካው በሁላችንም ውስጥ ትንሽ ትንሽ ያለውን ጠባይ ነው። 28 ከፍ ይላል፣ አልዋሽህም። ግን «ከዚህ በላይ በሽተኛ» የሚል መስመር የለውም። በሽታ ነው ለማለት ሐኪም ቁጭ ብሎ ያነጋግርሃል። ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱን ይፈልጋል፤ ኑሮህን ምን ያህል እንዳወከውም ያያል።

ሌላው ጣጣ፣ መጠይቁ መምራት መውደድንና ሰውን መጠቀሚያ ማድረግን አንድ ላይ ይደምራል። ስለዚህ 28ህ ከየት እንደመጣ ተመልሰህ እይ። መምህር «ሰው ፊት መቆም ደስ ይለኛል» ቢል ምን ይገርማል? ሰውን እንዳሻህ መዘወር እንደሚቀልህ መርጠህ ከሆነ ግን እጮኛህ ማኩረፏ አልበዛም።

ፉከራውን ግን ተይው በላት። ቢቸና ሳድግ አጎቴ ዱላውን ይዞ «ዘራፍ!» ሲል ዳሱ ይናወጥ ነበር። ሌላው ሲነሳ ደግሞ ቀድሞ «አበጀህ! ድገም!» የሚለው እሱ ነው። የማውቀው ሌላ ዘመድ አለ፤ ፎክሮ አያውቅም፣ ድምፁም አይሰማም። ሰው ሲመሰገን ግን ፊቱ ይጠቁራል። ለቅሶ ቤት እንኳ ወሬውን አዙሮ ወደ ራሱ ያመጣዋል። እንዲህ ዓይነቱን ድብቅ ናርሲሲዝም አንተ የሞላኸው መጠይቅ ብዙም አይዘውም። ለእሱ ሌላ መለኪያ ተሠርቶለታል።

አሁን መጠይቁን ለእጮኛህ ስጣት፤ ስለ አንተ እሷ ትሙላው። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ የተለያያችሁበትን ብቻ አውሩ። ስታወራ አታቋርጣት።