ሙሉ አንጎል ፎርማሊን ውስጥ ሦስት ሳምንት ከርሞ መሃሉ ለምን ቀለም አይዝም?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከአስከሬን ምርመራ የመጣ ሙሉ አንጎል ፎርማሊን (ቲሹ እንዳይበሰብስ የሚያጠነክር ኬሚካል) ውስጥ ሦስት ሳምንት አቆያችሁ። ቁራጩን ክሬዚል ቫዮሌት (የነርቭ ሴል የሚያሳይ ቀለም) ስትቀቡት ውጪው አምሮ ያዘ፣ መሃሉ ግን ነጣ። ቀለሙ ጊዜው አልፎበት ይሆን? ሌላ እንግዛ? ነው ያልሽው። እዚህ ጎንደር ቲሹ ስቆርጥና ስቀባ ዓመታት አልፈዋል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ብርሽን ያዢው። ቀለሙ ቢበላሽ ኖሮ ውጪውንም አይዝም ነበር። አንድ ስላይድ (ቁራጩ የተለጠፈበት መስታወት) ላይ ግማሹ ይዞ ግማሹ ከነጣ ጣጣው የመጣው አንጎሉ ፎርማሊን ውስጥ ከተነከረበት ባልዲ ነው። ወይም ከባልዲው በፊት ከነበሩት ሰዓታት።

ሰው ሲሞት ሴሎቹ በራሳቸው ኢንዛይም መፈራረስ ይጀምራሉ። ፍሪጅ (4 ዲግሪ አካባቢ) ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። እኛ አገር ደግሞ ቀብር ቶሎ ነው። ቤተሰብ ደጅ ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ወረቀቱና ፈቃዱ እስኪያልቅ ሰዓቱ ይነጉዳል። መብራት ከጠፋማ ተይው። ስለዚህ ሦስት ሰዓቶች ጻፉ፦ የሞተበት፣ ፍሪጅ የገባበት፣ ፎርማሊን የነካበት። እነዚህ ከሌሉ በኋላ ስላይዱን አይተሽ በሽታ ይሁን መበስበስ መለየት ትቸገሪያለሽ። ካሴት (ቁራጩ የሚገባበት ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን) ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ቲሹው በኋላ በሚያልፍባቸው አልኮልና ዛይሊን ውስጥ ይታጠባል።

አሁን ወደ ባልዲው። ፎርማሊን ቲሹ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ላይ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሄዳል። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ግን እየዘገየ ነው የሚሄደው። የአዋቂ ሰው አንጎል ከ1,200 እስከ 1,400 ግራም ይመዝናል፤ መሃሉ ከላዩ በብዙ ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ኮርቴክሱ (የአንጎሉ የላይ ሽፋን) በመጀመሪያው ቀን ሲጠነክር ጥልቁ ክፍል ገና ጥሬ ነው። እሳት የበዛበት ድፎ ዳቦ በይው፤ ላዩ ቀይ ሆኖ ስትቆርጪው ውስጡ ሊጥ።

ይሄ ነገር እኔንም አዋርዶኛል። ጀማሪ ሳለሁ፣ በሠራሁበት አንድ ላብ፣ «ፎርማሊኑ ቢጠነክር ይሻላል» ብዬ ከጠርሙሱ ሳላቀጥን አፈሰስኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢላዋ ስናሳርፍበት ላዩ እንደ ጎማ ሆኗል። መሃሉ ሮዝ ነው፣ ለስላሳ፣ ሽታ አለው። በዚያ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፤ ልክ የእንጀራ ዓይን። እኔ አዲስ በሽታ ያገኘሁ መስሎኝ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። አንድ አንጋፋ ሐኪም ጎንበስ ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄማ የባክቴሪያ ጋዝ ነው» አሉኝ። ፎርማሊኑ ሳይደርስ ክሎስትሪዲየምን የመሰሉ ጋዝ አምራች ባክቴሪያዎች ቀድመው ገብተው ነበር። ደብተሬን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ስለዚህ ቅጥነቱን ጠብቂ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ ነው። 100 ሚሊ ሊትሩን በ900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አቅጥኚ። 4 ግራም ሞኖቤዚክ እና 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ጨምሪበት። ፎስፌቱን «ምን ያደርጋል» ብለሽ እንዳትዘዪው። እሱ ከሌለ ፎርማሊኑ እየቆየ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱ ከደም ጋር ሲገናኝ ስላይዱ ላይ ቡናማ ጥቁር ብናኝ ይተዋል። አላዋቂ ሲያየው የብረት ክምችት ነው ይላል። ከገባ በኋላ በፒክሪክ አሲድ አልኮል ማስለቀቅ ይቻላል፣ ግን ለምን ጣጣ ውስጥ ትገቢያለሽ።

መጠኑ ደግሞ ከአንጎሉ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። 20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ ጥሩ ነው። ፎርማሊኑን በማግስቱ ቀይሪው፣ ከዚያ በሳምንት በሳምንቱ። አንጎሉን ታች አታስቀምጪው፤ ይጨፈለቃል፣ መሬት የነካው በኩልም ፎርማሊን አያገኝም። ሥሩ ላይ ባለው ባዚላር አርተሪ (የደም ሥር) ስር ክር አሳልፈሽ፣ ክሩን ከባልዲው አፍ ጋር አስረሽ፣ ተገልብጦ ይንጠልጠል። ክሩን ስታስገቢ በጣትሽ አትጫኚው። ትኩስ ቲሹ ሲጨመቅ ኒውሮኖቹ (የነርቭ ሴሎቹ) ጠቁረውና ተኮራምተው ይታያሉ፤ ያንንም ሰው በሽታ ብሎ ሲጽፍ አይቻለሁ።

ኮሜንት ላይ አንዱ ወንድማችን «ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት» ብሏል። በጭራሽ! የቤት ፍሪዘር ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ውሃው ትልልቅ በረዶ ሠርቶ ሴሉን ይቦጫጭቀዋል። በብርድ መቁረጥ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ፊክስ ይደረግ (በፎርማሊን ይጠንክር)፣ ቁራጩ 30 በመቶ ሱክሮስ (የስኳር ውሃ) ውስጥ እስኪሰምጥ ይቆይ፣ ከዚያ ቶሎ ይቀዝቅዝ። የእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ ግን ሌላ ነው። ለዚያ ፍሎረሰንት ምርመራ የሚላከው ትኩስ ወይም የቀዘቀዘ ቲሹ ነው፣ ፎርማሊን ውስጥ አይነከርም።

የጎንደር ነገር አንድ ልጨምር። ከክሬዚል ቫዮሌት በኋላ አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚያሳይ ማቅለሚያ) ልትሞክሩ እንዳሰባችሁ ጽፈሻል። ፎርማሊን ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ስለሚያስር፣ ስላይዱን በሲትሬት ባፈር ማሞቅ ያስፈልጋል። መመሪያው ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ይላል። መጀመሪያ ስንሞክር ድስቱ ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ 93 አካባቢ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ቴርሞሜትሩ ተሰበረ ብለን ሌላ ተዋስን፤ እሱም እዚያው። ለካ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለነው፣ ውሃ እዚህ በዚያ ሙቀት ይፈላል። ባቄላ የሚቀቀልበትን ፕሬሸር ኩከር አምጥተን ነው የተገላገልነው። ለላብ ብቻ የሚሆን ግዙ፤ ወደ ኩሽና እንዳይመለስ።

ፊክስ ከሆነ በኋላስ? ዓመታት ፎርማሊን ውስጥ አትተዉት፣ አንቲቦዲ እምቢ እያለ ይሄዳል። የምትፈልጉትን ቦታ ቆርጣችሁ ፓራፊን (ሰም) ውስጥ ክተቱት፤ በሰም የተከተተው ብሎክ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይቆያል። ከመክተት በፊት ውሃ ማጠብ አለ፤ ቧንቧ በተራ በሚመጣባት ከተማ ጀሪካን ሞልቶ ማደር ነው።

አሁን ለያዝሽው አንጎል። በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቆራርጪውና አዲስ ፎርማሊን ውስጥ ጥቂት ቀን አቆዪው። ከዚያ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ አውጪ። ይሄ ገና ያልደረሰበትን ያደርሰዋል እንጂ የፈረሰውን ሴል አይመልስም። ፈረሰ ወይስ አልደረሰበትም የሚለውን ለማወቅ ሴሬቤለሙን (ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል) እዪ። የግራኑላር ሴሎቹ (ጥቃቅን የነርቭ ሴሎች) ንብርብር ቶሎ ከሚፈርሱት ነው። ኑክሊየሶቹ ደብዝዘው ተለጣጥፈው ካየሽ፣ ጉዳቱ የደረሰው አንጎሉ ባልዲ ከመግባቱ በፊት ነው። እነሱ ጥርት ካሉ ደግሞ መሃሉ ፎርማሊን አላገኘም ማለት ነው፤ ተስፋ አለ።

አየር እንዲገባ ደግሞ መስኮት ክፈቺ፣ ማስክና ጓንት አድርጊ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብሉም ፎርማሊን ቲሹ እንደሚያጠነክር የጠረጠረው፣ ለፀረ ተሕዋስነት ሲሞክረው የገዛ ጣቶቹ ቆዳ ስለደረቀበት ነው። አሁን ካንሰር እንደሚያመጣ ስለሚታወቅ እንደ ብሉም አትሁኚ።

ሴሬቤለሙን ቆርጠሽ በኤች ኤንድ ኢ (በተለመደው የላብ ቀለም) ቅቢና ፎቶውን እዚሁ ለጥፊው። በ10ም በ40ም ሌንስ ይሁን፤ በስልክ ያነሳሽውም ይበቃል።