የውጭ ዲግሪ ይዞ በሙያ ሥራ መግባት፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ወደምኖርበት አገር ስመጣ የስምንት ዓመት የሥራ ልምድ ነበረኝ፤ ሆኖም ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስደረድር ነው የቆየሁት። ወደ ሙያዬ ከተመለስኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ ወዲህ አዲስ የሚመጡ ባለሙያዎችን ወረቀት አብሬያቸው አያለሁ፣ ለኢንተርቪው አዘጋጃቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ደረሰኝ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የቪዛና የጥገኝነት ጥያቄ የላካችሁ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እሱ የጠበቃ ሥራ ስለሆነ አልገባበትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከላካችሁት ጥያቄ ብዙው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያያል። ዲግሪ ማስገምገም አንድ ነገር ነው። የሙያ ፈቃድ ማውጣት ሌላ ነው። ቀጣሪን ማሳመን ደግሞ ሌላ። እኔ ሁለቱን ዓመት ያጣሁት የመጀመሪያውን ከጨረስኩ የቀሩት በራሳቸው የሚመጡ መስሎኝ ነው።

"ከመጣሁ ሁለተኛ ወሬ ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዲግሪህን አስገምግም ይለኛል። የት ነው የማስገመግመው?"

ወንድሜ፣ "የት" ከማለትህ በፊት "ለማን" ብለህ ጠይቅ። ግምገማውን የሚቀበለው ማነው? ፈቃድ ሰጪው አካል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢሚግሬሽን ወይስ ቀጣሪ? እያንዳንዱ የሚቀበለው ተቋምና የሪፖርት ዓይነት የራሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ ተቀባዮች የሚያምኑት ናሴስ በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በተቋቋመው ማኅበር ሥር ያሉትን ገምጋሚዎች ነው፤ ብዙዎቻችሁ "ዌስ" እያላችሁ የምትጠሩት ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንግሊዝ ኢኒክ የሚባል ተቋም አላት። ጀርመን ውስጥ ደግሞ መጀመሪያ አናቢን በሚባለው የመረጃ ቋት ላይ ዩኒቨርሲቲህ እንዴት እንደተመዘገበ በነፃ ማየት ትችላለህ።

የእኔን ስህተት ልንገርህ። አጠቃላይ ሪፖርት፣ ማለትም "ይህ ዲግሪ ከዚህ አገር ባችለር ጋር እኩል ነው" የሚለውን አሠርቼ ፈቃድ ወደሚሰጠው ቦርድ ይዤ ሄድኩ። ፋይሉን የተቀበለችኝ ሴት አንድ ገጽ ገልጣ "ኮርስ በኮርስ የሆነው የታለ?" አለችኝ። እያንዳንዱ ትምህርት ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ የተዘረዘረበትን ነበር የሚፈልጉት። እንደገና ከፈልኩ፤ አራት ወርም ጠበቅኩ። አንድ ስልክ ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ወረቀቱን በተመለከተ ደግሞ ስቱደንት ኮፒ አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከሬጂስትራር በቀጥታ ወደ ገምጋሚው መሄድ አለበት፤ በታሸገ ፖስታም ሆነ በኢንተርኔት። ከሁሉም ነገር ጊዜ የሚወስደው ይህ ስለሆነ ሌላውን ሳትጀምር ዛሬውኑ ጠይቅ። ትምህርት ቤትህ ጋ ያልተዘጋ ዕዳ ካለብህ ትራንስክሪፕቱ ሊያዝብህ ይችላልና አጣራ። ስምህም በዲግሪው ላይና በፓስፖርትህ ላይ በአንድ ፊደል እንኳ የሚለያይ ከሆነ ከወዲሁ በማስረጃ አስተካክለው። በዚህ አንድ ፊደል ምክንያት ግማሽ ዓመት ያጣ ሰው አውቃለሁ።

"ነርስ ነኝ፣ የሰባት ዓመት ልምድ አለኝ። አሁን አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። እንደገና ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ?"

እህቴ፣ በጭፍን አትመዝገቢ። መጀመሪያ ወረቀትሽ ይታይ፤ የጎደለ ነገር ካለ የትኛው ኮርስ ወይም የስንት ሰዓት የሆስፒታል ልምምድ እንደሆነ በጽሑፍ ይነግሩሻል። ያንን ብቻ ትሞያለሽ። አራት ዓመት ከዜሮ የጀመሩ፣ ኋላ ግን ሁለት ኮርስ ብቻ ይበቃቸው እንደነበር የሰሙ ሰዎች አሉ። ያንን ዓመት ማንም አይመልስላቸውም።

ነርሲንግ ፈቃድ የግድ የሚልበት ሙያ ነው፤ መንገዱ ግን ከብዙዎቹ ሙያዎች የጠራ ነው። ኤንክሌክስ የሚባለው የአሜሪካ ፈተና አሁን ከአሜሪካም ውጭ ይሠራል፦ አብዛኛው ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2015፣ አውስትራሊያ ደግሞ በውጭ አገር ለተማሩ ነርሶች ከ2020 ጀምሮ ይጠቀሙበታል። እንግሊዝ የራሷ አላት፤ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና፣ ከዚያ በተግባር እጅሽ የሚታይበት።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት በአብዛኛው የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ስለሆነ ትራንስክሪፕትሽ ሳይደርስ ቀድመሽ አትፈተኚ። ሌላው፣ አሁን የያዝሽው የረዳትነት ሥራ ቋንቋውንና አሠራሩን ያስለምድሻል፣ ጥሩ ነው። ግን በነርስነት የሠራሽበት ዘመን ሆኖ አይቆጠርልሽም። ብዙ ፈቃድ ሰጪዎች ባለፉት ጥቂት ዓመታት በነርስነት ሠርተሻል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በቆየሽ ቁጥር መንገዱ ይረዝማል።

"ሐኪም ነኝ፣ 44 ዓመቴ ነው። ከተመረቅኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። እውነቱን ንገረኝ፣ ተስፋ አለኝ?"

ዶክተር፣ እውነቱን ስለጠየቁኝ እውነቱን እላለሁ። ተስፋ አለ፤ ግን የትም አገር ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የአሜሪካው ደግሞ ለእርስዎ ከባዱ ነው። እዚያ መጀመሪያ ውጭ የተማሩ ሐኪሞችን ማስረጃ ከሚያረጋግጠው ኢሲኤፍኤምጂ ከተባለው አካል ማረጋገጫ ያገኛሉ። ለዚህ ዩኤስኤምኤልኢ ከሚባለው የአሜሪካ የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ስቴፕ አንድና ስቴፕ ሁለትን ማለፍ ይጠይቃል፤ የእንግሊዝኛ ችሎታ የሚለካበት ኦኢቲ የሚባል ፈተናም አለ። ከዚያ ማች በሚባለው፣ ውጤቱ በመጋቢት ወር በሚወጣው የአመልካቾች ምደባ በኩል ሬዚደንሲ፣ ማለትም የሆስፒታል የሥራ ላይ ሥልጠና፣ መግባት ነው፤ እሱም ቢያንስ ሦስት ዓመት ነው። ስቴፕ አንድ ከ2022 ጀምሮ "አልፏል ወይም ወድቋል" ብቻ ስለሆነ ክብደቱ ሁሉ ወደ ስቴፕ ሁለት ውጤት ተዛውሯል። ብዙ ፕሮግራሞችም የተመረቁበትን ዓመት አይተው ነው ፋይል የሚያጣሩት። አሥራ ስምንት ዓመት ለዚያ ማጣሪያ ረጅም ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ፕላብ የሚባለውን፣ ውጭ ለተማሩ ሐኪሞች የሚሰጠውን ፈተና አልፎ የተመዘገበ ሐኪም ባለው ልምድ መጠን የሆስፒታል ሥራ ማመልከት ይችላል። ጀርመን ደግሞ የሕክምና ጀርመንኛ ፈተና አለ፤ ትምህርትዎ እኩል አይደለም ከተባለ የእውቀት ፈተና ይጨመራል፤ ካለፉ ሙሉ የሐኪምነት ፈቃድ ይሰጣል። ልጆችዎ የት ትምህርት እንደጀመሩ፣ ባለቤትዎ የት እንደሚሠሩ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ ሂዱ ብዬ አልመክርም፤ ግን አንድ አገር እምቢ ስላለ ሁሉም እምቢ እንዳለ አድርገው አይውሰዱት።

እየተፈተኑ ሳሉ ከሕክምናው ግቢ አይውጡ። የክሊኒካል ምርምር አስተባባሪ፣ የሕዝብ ጤና ባለሙያ፣ የሆስፒታል አስተርጓሚ፤ እነዚህ ሥራዎች የሐኪም ፈቃድ አይጠይቁም፣ ሐኪሞች ያውቁዎታል፣ የድጋፍ ደብዳቤም ከዚያ ይመጣል። ታክሲ እየነዱ ስቴፕ ያጠኑ ሰዎችን አከብራለሁ። ነገር ግን ከሐኪም ጋር በየቀኑ የሚያነጋግርዎ ሥራ ካገኙ እሱን ይምረጡ።

"ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሲፒኤ ከሌለህ አትቀጠርም ይሉኛል።"

ልክ አይደሉም። ሲፒኤ የሒሳብ ባለሙያ የሙያ ፈቃድ ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቀው የኦዲት ሪፖርት ላይ እንደ ኦዲተር መፈረም ነው። የተከፋይና የተሰብሳቢ ሒሳብ፣ ደመወዝ፣ ወርሃዊ መዝጊያ፤ ይህ ሁሉ ያለ ሲፒኤ የሚሠራ ነው። የአገሩን የታክስ ደንብና ቀጣሪዎች የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር ተማር፣ ግባ፣ ፈተናውን ከውስጥ ሆነህ ትወስደዋለህ። የኮምፒውተር ሰዎችም እንደዚሁ፦ ፈቃድ የሚባል ነገር የለባችሁም፤ የሠራችሁትን አሳዩ።

"መቶ ቦታ አመለከትኩ። መልሱ አንድ ነው፦ የዚህ አገር ልምድ የለህም።"

ይህን የጻፍክልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱ ራሱ ፍትሐዊ እንዳልሆነ የተረዱ አሉ፤ የኦንታሪዮ የመሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ ማኅበር በ2023 "የካናዳ ልምድ" የሚለውን መስፈርት አንስቷል። ግን ሕግ እስኪለወጥ መጠበቅ አትችልም።

የላክልኝን ሲቪ አየሁት። "የመንገድ ፕሮጀክት ላይ በሳይት መሐንዲስነት አገልግያለሁ" ይላል። ይህን የሚያነበው ሰው ድርጅትህን አያውቀውም፣ መንገዱንም አያውቀውም። ስለዚህ ምንም አልነገርከውም። በስልክ ስንነጋገር ግን 14 ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ሦስት ቀያሾች፣ ከአርባ በላይ ሠራተኛ፣ በክረምት የሸሸ ሙሌት በሁለት ሳምንት አስተካክለህ ሥራውን ሳታቆም እንዳስቀጠልክ ነገርከኝ። እሱን ጻፈው! ቁጥሩን፣ ችግሩን፣ አንተ ያደረግኸውን። አፈር የትም አገር ይሸሻል፤ ያንን የሚያነብ መሐንዲስ ያውቅሃል።

ኢንተርቪው ላይ ደግሞ "እኛ" ማለትህን ተው። እኔ በመጀመሪያው ኢንተርቪዬ "እኛ ነደፍን፣ እኛ አስረከብን" ስል ጠያቂው ብዕሩን አስቀምጦ "ይቅርታ፣ አንተ የትኛውን ሠራህ?" አለኝ። አፈርኩ። "እኔ ሠራሁ" ማለት ጉራ ይመስለኝ ነበር። ለእሱ ግን "እኛ" ማለቴ የራሴ ሥራ እንደሌለኝ ነበር የሚነግረው። ሥራውን አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ሦስት ታሪክ በወረቀት ጽፌ፣ በእያንዳንዱ "እኔ" የሚለውን አስምሬበት፣ መስታወት ፊት ተለማመድኩ።

ለመግቢያ የሚሆንህ የኮንትራት ሥራ ነው። ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅቶች ለስድስት ወር የሚፈለግ ሰው ሲጠየቁ እንደ ቋሚ ቅጥር አያጠብቁም። የድራፍቲንግ ቴክኒሻን፣ የሳይት ኢንስፔክተር፣ የቁሳቁስ ላቦራቶሪ ሥራም ቢሆን ያዝ። ከማዕረግህ ዝቅ ይላል፤ ግን እዚያው ከመሐንዲሶቹ ጋር ነህ። መጋዘን ሆነህ ግን ሥራህን የሚያይልህ መሐንዲስ የለም። በሙያህ ላሉ ሰዎች በሊንክድኢን ስትጽፍም "ሥራ ፈልግልኝ" አትበል፤ "ሃያ ደቂቃ ስለ ሥራህ ልጠይቅህ" በል። ለመጀመሪያው እምቢ የሚሉት ለሁለተኛው እሺ ይላሉ።

"ስሸሽ ምንም ወረቀት አልያዝኩም። ዩኒቨርሲቲው የነበረበት አካባቢም ጦርነት ነው።"

ወንድሜ፣ አይዞህ። ይህ ለአንተ ብቻ የደረሰ አይደለም፣ ደንብም ወጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የተፈረመው፣ የውጭ ትምህርት ማስረጃን ስለመቀበል የሚደነግገው የሊዝበን ስምምነት አባል አገሮች ወረቀት የሌለውን ስደተኛ የሚገመግሙበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ይጠይቃል። የአውሮፓ ምክር ቤት የስደተኞች የትምህርት ፓስፖርት የሚባል አለው፤ ያለህን ማስረጃ አይተው፣ በቃለ መጠይቅ አነጋግረው የሚሰጡት ነው። ፈቃድን አይተካም፤ ግን ባዶ እጅህን አይደለህም። በእጅ ሙያ የሠለጠናችሁ ደግሞ ጀርመን ውስጥ ወረቀት ባይኖርም ባለሙያ ፊት ሠርታችሁ የምታሳዩበት ሥርዓት አለ። የክፍል ጓደኞችህን ፈልግ፤ የድሮ ፎቶ፣ የምረቃ መጽሔት፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ምንም ይሁን ምን አትጣል።

"እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ባለሙያ ነን። ሁለት ሕፃናት አሉን። ማን ይቅደም?"

ከደረሱኝ ሁሉ ብዙ ያሰብኩበት ጥያቄ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባል ይቀድማል፣ ሚስት "ለጊዜው" ትሠራለች፣ ያ ጊዜው አሥር ዓመት ይሆናል። እኔ ቤትም እንዲሁ ነበር። ባለቤቴ ፋርማሲስት ናት፤ እኔ ፈቃዴን ካገኘሁ በኋላ ሦስት ዓመት ሳያስፈልግ አዘገየኋት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

መንገዱ ያጠረለት ይቅደም፤ ማን እንደሆነ በስሜት ሳይሆን የሁለታችሁንም ፈተናና ወራት በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን ጽፋችሁ እዩት። ከዚያ ተራው የሚዞርበትን ቀን ጻፉበት። "ስንደላደል" ብላችሁ አትተዉት፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ይኑረው። ተራዋን የምትጠብቀውም ያን ጊዜ ሁሉ ባዶ አትቀመጥ፤ ትራንስክሪፕቷ ይምጣ፣ ግምገማው ይለቅ፣ ቋንቋው ይቀጥል።

"አንድ ሰው በሙያዬ ሥራ እንደሚያስገባኝ ነግሮኝ ቅድሚያ ክፈይ አለኝ። ግማሹን ከፍያለሁ።"

ቀሪውን አትክፈዪ። እውነተኛ ሠራተኛ አቅራቢ የሚከፈለው ከቀጣሪው ነው። አሜሪካ ከሆንሽ አፕዋርድሊ ግሎባል የሚባል ድርጅት ለውጭ ተመራቂዎች ይህን እገዛ ያለ ክፍያ ይሰጣል። የተጻጻፋችሁትን መልእክት አታጥፊ፤ ደረሰኝ ከሰጠሽ እሱንም ጨምረሽ ላኪልኝና ለማን ማመልከት እንደምትችዪ አብረን እናያለን።