የእናቴን የኦክስጅን ማሽን ጤና መድህን ይከፍልልናል?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ስትጋግር ኖራ ሳንባዋ ተጎድቷል። ከሆስፒታል ስትወጣ ቤት ውስጥ ኦክስጅን እንድትጠቀም ታዘዘላት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን መታወቂያ አላት። ማሽኑን ይሸፍንልናል? አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እዚህ መድህን ይከፍላል» ይለኛል።

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ቁርጡን ልንገርሽ፤ የእኛ መድህን ቤት ለሚቀመጥ ማሽን አይከፍልም። የሚከፍለው ውል ለገባ ጤና ተቋም፣ እዚያው ለተሰጠ ሕክምና ነው። እናትሽ ተኝተው ሳለ የወሰዱት ኦክስጅን ይሸፈናል፤ ከወጡ በኋላ ግን ወጪው የቤተሰብ ነው። በነርስነት ስሠራ ሲጋራ ቀምሰው የማያውቁ፣ የማጀት ጭስ ሳንባቸውን የበላባቸው እናቶች ብዙ አይቻለሁ። ተሽሏቸው ይወጣሉ፣ ቤት ኦክስጅን የለም፣ ተመልሰው ይተኛሉ። መድህኑም ያኔ ለአልጋው ይከፍላል። ይህ መስተካከል አለበት።

ወንድምሽ እውነቱን ነው። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን መድህን ማሽኑን ለ36 ወር ይከራያል፤ ታካሚው 20 በመቶ ገደማ ከኪሱ ይጨምራል። ግን ያገለገለ ማሽን ከዚያ ልላክ ካለሽ እሺ እንዳትዪ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ሞተሩ ይጎዳል። ገንዘቡን ይላክና ለእኛ መብራት የተሠራ ይገዛ። መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደርም አብሮ ይታሰብበት።

ለመግዛት ግን አትቸኩዪ። ሕመሙ ተባብሶ ሳለ የተለካ የደም ኦክስጅን፣ ሲሻላቸው ከፍ ሊል ይችላል። የሚከራይ ወይም የሚዋስ ካገኘሽ በሱ ጀምሪ፤ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ እንደገና ይለኩ። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እዚያ ዘመድ ካላችሁ፣ ወረድ ብለው ቢከርሙ ይሻላቸው እንደሆነ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ከታዘዘው ሊትር በላይ አትጨምሪ። እንዲህ ባለ ሳንባ ኦክስጅን ሲበዛ የተቃጠለው አየር ይጠራቀምና ያፈዛል። ከሰልና ዕጣን እሳቸው ካሉበት ክፍል ይውጣ፤ ቡናው ውጭ ይፈላ። ኦክስጅን እሳትን ያፋፍማል። ስለዚህ አፍንጫቸው ቢደርቅም ቫዝሊን ወይም ቅቤ አትቀቢያቸው።

የመድህን መታወቂያው በወቅቱ ይታደስ። ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ከፈዘዙ ፈጥነሽ ሆስፒታል ውሰጃቸው፤ እዚያ ተኝተው የሚወስዱት ኦክስጅን በመድህኑ ነው።