«እሱ ከወረደ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ ሹፌሩ

ጥያቄ፦ ማታ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው ተጠግቶ ነካካኝ። ስጮህበት ወረደ። ለሹፌሩ ብነግረው «እሱ ከወረደ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ድርጅቱ ጋ ደወልኩ፤ የተመዘገበ ነገር የለም። የትራንስፖርት ድርጅቶች ወንጀልን መዝግበው እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ቢኖር ለእኔ ቢጤዋ ይጠቅማል?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጮኽሽ። ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ ያንቺ አይደለም።

እኔ ለዓመታት በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ሠርቻለሁ። የተሰበረ መስታወት፣ የፈነዳ ጎማ፣ የዘገየ መኪና በየማታው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ተሳፋሪ ላይ የደረሰ ጥቃት የሚጻፍበት ቦታ ግን አልነበረም። አንድ ማታ አንድ ሹፌር «ልጅቷ እያለቀሰች ነው የወረደችው» አለኝ። የት እንደምጽፈው ግራ ገባኝ፤ ሳልጽፈው ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

አዎ፣ ሕጉ ይጠቅማል። የመመዝገቡን ሸክም ከተጎጂዋ ላይ አንሥቶ ድርጅቱ ላይ ይጥለዋል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የክሌሪ ሕግ ኮሌጆች በግቢያቸው የተፈጸመውን ወንጀል በየዓመቱ ይፋ እንዲያደርጉ አስገድዷል። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ የትራንስፖርት ድርጅቶች ስለ ትንኮሳ ተሳፋሪዎቻቸውን ራሳቸው እንዲጠይቁ አዘዘች። ይሄኛው ደስ ይለኛል። አቤቱታ እስኪመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያዋጣማ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 በተደረገ የዳሰሳ ጥናት፣ በጉዞ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳ ከደረሰባቸው ሰዎች ከ100 90 ያህሉ ለፖሊስ አላመለከቱም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ በመጀመሪያው ዓመት ቁጥሩ ማሻቀቡ አይቀርም። ያኔ «ወንጀል በዛ!» የሚል ጩኸት ይነሣል። ብዙ ጊዜ የበዛው ወንጀሉ ሳይሆን መዝገቡ ነው። ሕጉ ድርጅቱን በቁጥሩ ብዛት ከቀጣው፣ ድርጅቱ መደበቅ ይጀምራል። ቅጣቱ መሆን ያለበት ባለመመዝገቡ ነው። ይህን የምለው በር ዘግተን ስንሠራ ምን እንደሚደረግ ስላየሁ ነው።

ደግሞ ጥቅል ቁጥር ብቻውን ምንም አይፈይድም። መስመሩ፣ ሰዓቱና ፌርማታው ተለይቶ መውጣት አለበት። ችግሩ በአንድ መስመር ላይ ማታ ማታ እንደሚበዛ ከታወቀ ፌርማታው ላይ መብራት ይተከላል፣ ጥበቃ ይመደባል። ማታ ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በሁለት ፌርማታ መሀል ቤቷ አጠገብ እንድትወርድ መፍቀድም ይቻላል። ቶሮንቶ ይህን ካደረገች ቆይታለች።

አንቺ ግን ሕግ እስኪወጣ አትጠብቂ። የመስመሩን ቁጥር፣ የአውቶቡሱን የጎን ቁጥር ወይም ታርጋ፣ ሰዓቱን፣ በየትኞቹ ፌርማታዎች መሀል እንደሆነ ዛሬውኑ ጻፊ። ታርጋውን ባታስታውሺ እንኳ ከመስመሩና ከሰዓቱ ስምሪት ክፍል መኪናውን ያገኘዋል። አውቶቡሱ ካሜራ ካለው ቀረጻው እንዳይጠፋ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ከጥቂት ቀናት በኋላ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀዳሉ። ለፖሊስም አመልክቺ። የሚቀበልሽን ሰው «የመዝገብ ቁጥሬን ይስጡኝ» በዪው። ቁጥር ካልሰጠሽ ገና አልመዘገበሽምና ከመስኮቱ አትነሺ።