መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የማይነሳ ሪሲቨር

ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር የመጣ ጥያቄ ነው፦ «ሪሲቨሬ በርቶ እስካለ ድረስ ምንም አይለውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ግን አይነሳም፤ ቀዩ መብራት እንኳ አይበራም። ፊውዙ ደህና ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠጋኝ ሬዚስተር ቀይሮለት ነበር።»

ወንድሜ፣ እኔ የምጠረጥረው ማስነሻውን ሬዚስተር (ከረንት የሚገታውን ትንሽ ዕቃ) ነው። ሥራው ከትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ከሚያጠራቅመው ዕቃ) ጥቂት ከረንት አሳልፎ አይሲውን፣ ማለትም የኃይል ክፍሉን የሚያዘውን ቺፕ፣ መቀስቀስ ብቻ ነው። አይሲው አንዴ ከነቃ ከትራንስፎርመሩ ይመገባል። ለዚህ ነው ሬዚስተሩ ቢሞትም የበራው ሪሲቨር የማይጠፋው፤ ጉዱ የሚታወቀው መብራት ሲሄድ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን፣ 400 ቮልት የተጻፈበት ትልቁ ካፓሲተር ከሶኬት ከነቀልከውም በኋላ ወደ 310 ቮልት ይዞ ይቆያል። ጤነኛ ሪሲቨር ሲነቀል ራሱ ይጨርሰዋል፤ ያንተው ስላልተነሳ የሚጨርሰው የለም። አቦ፣ ይህን አትናቀው። የድሮውን ቢጫ አምፖል፣ 40 ወይም 60 ዋቱን፣ በተሸፈነ ሽቦ የካፓሲተሩ ሁለት እግሮች ላይ ጥቂት ሰከንድ ያዝበት። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ከዚያ በቴስተር ለካ። በካቻቢቴ አታገናኘው።

ቀጥሎ ሬዚስተሩን ለካ። ከቦርዱ ሳትነቅለው የቀለም ቀለበቶቹ ከሚያመለክቱት ኦም (የመገቻ መጠኑ) በላይ ካሳየህ ሞቷል። በታች ካሳየህ አንዱን እግር በመበየጃ ካውያ አንሥተህ እንደገና ለካ።

ለምን እንደሚሞት ልንገርህ። የካርቦን ሬዚስተር ሲሠራ ትንሽ የሴራሚክ ዘንግ አየር በሌለበት የጋለ ምድጃ ውስጥ ይገባና የሃይድሮካርቦን ጋዝ ይለቀቅበታል። ጋዙ በሙቀቱ ሲፈርስ ካርቦኑ ዘንጉ ላይ ስስ ልባስ ሆኖ ይቀራል። ጫፍና ጫፉ ላይ የብረት ቆብ ከነእግሩ ይገጠማል። ከዚያ ልባሱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ዙሪያውን ይቀረጻል፤ የቀረው መንገድ በረዘመና በቀጠነ መጠን ኦሙ ከፍ ይላል። የትልልቅ ኦም ሬዚስተር ዙሩ ብዙ፣ በዙሮቹ መካከል ያለው ክፍተትም ጠባብ ነው። ከአቅሙ በላይ ቮልት ሲያርፍበት ልባሱ እዚያ ላይ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ኦሙ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ይቋረጣል። ከውጭ ምንም የመቃጠል ምልክት ላታይ ትችላለህ።

ያ ጠጋኝ ያደረገውም ይታየኛል። ፋብሪካው ሁለት ሬዚስተር ባስከተለበት (አንዱን ከሌላው ጫፍ ባያያዘበት) ቦታ አንድ ባለ ሩብ ዋት 1 ሜጋ ኦም ገጥሞ ሌላውን ቦታ በሽቦ አሻግሮታል። ዋቱ ሲሰላ 0.1 እንኳ ስለማይሞላ የሚበቃ ይመስላል። ሩብ ዋት ካርቦን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት እስከ 250 ቮልት ነው፤ እዚህ ወደ 300 ያርፍበታል። ፋብሪካው ሁለት ያደረገው ለጌጥ አይደለም! እንዲህ ያለው ጥገና ያናድደኛል፤ ባለቤቱ ሁለቴ ይከፍልበታል።

ሁለት 470 ኪሎ ኦም፣ ባለ ግማሽ ዋት ሜታል ፊልም ግዛና አስከትለህ ብየድ። ልባሱ የኒኬልና የክሮም ቅይጥ ስለሆነ ኦሙን ይጠብቃል። ታይዋን ገበያ ግማሽ ዋት ብለው ሩብ ዋት የሚሸጡ አሉ፤ መደበኛው ግማሽ ዋት 9 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፣ ሩቡ 6 ነው። ሪሲቨሩን ዳንቴል ካለበስከው ደግሞ አንሳለት፤ የድሬ ሙቀት ይበቃዋል።

ይህም ሆኖ ካልተነሳ አይሲው አጠገብ ያለውን ትንሹን 50 ቮልት ካፓሲተር በላዩ በተጻፈው በዚያው ማይክሮፋራድ (የመያዝ አቅሙ) ቀይረው። ግን ለሙከራ ስትሰካው ትልቁ ካፓሲተር እንደገና ሞልቷል፤ እጅህን ከማስገባትህ በፊት ከሶኬት ነቅለህ በአምፖሉ አራግፈውና ለካ።