መልስ፦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ህዋ ላይ ለምን ፈሳሽ አይሆንም?

ወንድሜ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ክሪቲካል ሙቀት 132.9 ኬልቪን (ከ−273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ) ከሆነ 10 ኬልቪን የሆነ የህዋ ደመና (የጋዝና የአቧራ ክምችት) ውስጥ ለምን ፈሳሽ አይሆንም ብለሃል። ቁጥሩ ልክ ነው፤ የተሳሳትከው ትርጉሙ ላይ ነው። ክሪቲካል ሙቀት ጣሪያ ነው፦ ከእሱ በላይ ጋዙን የቱንም ያህል ብትጫነው ፈሳሽ አይሆንም። ከእሱ በታች መሆኑ ግን ብቻውን አይበቃም፣ ግፊትም ያስፈልጋል።

ግፊት የሚያመጣውን ለውጥ ለማየት አንተ ያለህበት ጎንደር ያለውን ድስት እይ። ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው ውሃው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መተማ ቆላ ብትወርድ የሚፈላበት ሙቀት ይጨምራል። የውሃ ክሪቲካል ሙቀት ግን ሁለቱም ቦታ 374 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

አሁን የደመናውን ግፊት አስላ። በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10,000 ሞለኪውል ካለ በኪዩቢክ ሜትር 10¹⁰ ነው (ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ቅየራ ላይ ነው)። በቦልዝማን ቋሚ (ሙቀትን ከሞለኪውሎች ጉልበት ጋር የሚያያይዝ ቁጥር) 1.38×10⁻²³ እና በ10 ኬልቪን ስታባዛው 1.4×10⁻¹² ፓስካል (የግፊት መለኪያ) ገደማ ይመጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ደግሞ ቢያንስ 15,000 ፓስካል እና 68 ኬልቪን ይፈልጋል። ስለዚህ ፈሳሽነትን ዘሎ፣ 20 ኬልቪን አካባቢና ከዚያ በታች አቧራ ላይ በረዶ ሆኖ ይለጠፋል።

የሃይድሮጂን ክሪቲካል ሙቀት 33፣ የአሞኒያ 405 ኬልቪን ነው፤ ስሌቱ ያው ነው።