ባንኩን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

«ግራ የገባኝ፣ ከጀሞ» ብለሽ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ላስቀምጠው። ዕድሜሽ 27 ነው። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ በአንድ የግል ባንክ መስኮት ላይ አራት ዓመት ሠርተሻል። ቅርንጫፉ ፒያሳ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ትወጪያለሽ፣ ማታ 2 ሰዓት ትገቢያለሽ። ጨጓራሽ ያምሻል። እሁድ ማታ ሰኞን እያሰብሽ እንቅልፍ እምቢ ይልሻል። እናትሽ ግን «ልጄ ባንክ ነው የምትሠራው» ሲሉ ፊታቸው ይበራል። ጥያቄሽ «የምወደውን ሥራ ለማግኘት ልልቀቅ?» የሚል ነው።

አሁን አትልቀቂ እህቴ። ዝም ብለሽ ቻይው ማለቴ ግን አይደለም።

ከጨጓራሽ እንጀምር። ጤና ጣቢያ ሂጂና ታዪ። የጨጓራ ሕመም ብዙ ጊዜ ኤች ፓይሎሪ ከሚባል ባክቴሪያ ይመጣል፤ መድኃኒት አለው። ጭንቀቱ ያባብሰው ይሆናል እንጂ፣ ባክቴሪያ ከሆነ ሥራ ብትቀይሪም አብሮሽ ይሄዳል።

ቀጥሎ ከቤት ውጭ የምታሳልፊውን 14 ሰዓት እንቁጠረው። በራስሽ አጻጻፍ አራት ሰዓት ያህሉ ታክሲ ሰልፍና መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ይሄ የባንክ ሥራ አይደለም፤ የጀሞና የፒያሳ ርቀት ነው። ባንክሽ ለቡ ወይም መካኒሳ ቅርንጫፍ ካለው የዝውውር ማመልከቻ አስገቢ። አንዴ እምቢ ቢሉሽ እንደገና አስገቢ። በቀን ሦስት ሰዓት ማትረፍ ከየትኛውም የደመወዝ ጭማሪ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቢሮ ውስጥ የሚያስመሹሽንም መዝግቢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በላይ ያለው ይከፈልበታል። የሰኔ የዓመት ሒሳብ መዝጊያ ሌላ ነገር ነው፣ ሁሉም ያመሻል። ዓመቱን ሙሉ ሰኔ ከሆነ ግን ችግር አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 እንደ ፈረንጆቹ ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ ለስትሮክ የመጋለጥ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል። የዓመት ፈቃድሽንስ ወስደሻል? ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አራት ገጽ ሙሉ ስታማርሪ ቆይተሽ አንድ ቦታ ላይ ድምፅሽ ተለወጠ። አንዲት እናት ሞባይል ባንኪንግ አልገባኝ ብለው መጡ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ አሳየሻቸው፤ በሳምንቱ ለልጃቸው ራሳቸው ብር ልከው መርቀውሽ ሄዱ። እዚያ ላይ ጨጓራ የለም፣ ታክሲ የለም። በሌላ በኩል ስለ ተቀማጭ ታርጌት፣ ማለትም ገንዘብ አስቀማጭ አምጪ ተብሎ ስለሚሰጥሽ ኮታ ስትጽፊ «ዘመድ ሁሉ ስልኬን ማንሳት አቁሟል» ብለሻል። አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። እኔ የገባኝ፣ የጠላሽው ባንክን ሳይሆን ሰው ማባበልን ነው። የምትወጂው ደግሞ ማስረዳትን።

ልሳሳት እችላለሁ። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ሁለት መስመር ጻፊ፤ ዛሬ ምን አደከመኝ፣ ምን ስሠራ ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ሄደ? እኔ ይህን ሳላደርግ አንድ መሥሪያ ቤት በንዴት ለቅቄ አውቃለሁ። አዲሱ ቦታ ያው ሪፖርት፣ ያው ስብሰባ ጠበቀኝ። ሻዩ ብቻ ይሻል ነበር።

ግምቴ ትክክል ከሆነ ሳትለቂ ሞክሪው። ቅዳሜ ከሰዓት ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ሶፍትዌር የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች አሉ፤ አንዱ ጋ ሄደሽ በትርፍ ሰዓት ላስተምር በይ። ሁለትና ሦስት ወር ካስተማርሽ በኋላ ደክሞሽም ደስ ካለሽ ነገሩ እውነት ነው። ካልሆነ የከሰርሽው ጥቂት ቅዳሜ ነው። የባንክሽ የሥልጠና ክፍልም አለ። የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ የምታውቂው ሰው እንዲነግርሽ አድርጊ።

መልቀቁ ቢመጣ የሦስት ወር ወጪ ሳትይዢ አትውጪ። እቁብ ካለሽ ዕጣሽ መቼ እንደሚደርስ እይ፤ ከወሰድሽ በኋላ ያለ ደመወዝ መክፈል ከባድ ነው። ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል። የሠራተኛ ብድር ወስደሽ ከሆነ ደግሞ ውሉን አውጥተሽ አንብቢ። ብዙ ባንኮች ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱን ከፍ ያደርጋሉ ወይም ቀሪውን ይጠይቃሉ፤ ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ ነው።

ለእናትሽ ግን አሁን ምንም አትንገሪያቸው። «ልለቅ ነው» ብለሽ ብትጀምሪ የሚሰሙት «ሥራ ፈታች» የሚለውን ነው። ቅዳሜ ማስተማር ስትጀምሪ ያንን ንገሪያቸው። «ልጄ ባንክም ትሠራለች፣ ታስተምራለችም» ማለቱ ለጎረቤትም ጥሩ ወሬ ነው።